በሦስትና በአራት መሀል የጎደለው ማርሽ

ጥቅምት 7

ኦቨርድራይቩን (ሞተሩ በዛው ፍጥነት ባነሰ ዙር እንዲሮጥ የሚያደርግ ተጨማሪ ማርሽ) ዛሬ ከአዘዞ ይዤው ገባሁ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ እግሬ ስር አድርጌ። እዛ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆመች ላንድሮቨር ላይ ነው ያገኘሁት፣ ባለቤትየው መኪናዋን ለብረት ሊሸጣት ነበር፣ ይሄን ፈትቼ ልውሰድ ብዬ ለመንኩትና ከነማንሻው ሸጠልኝ።

የኛ መኪና ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ናት፣ ረጅሟ 109፣ ፒክአፕ፣ 2.25 ናፍጣ፣ በፈረንጅ 1977 የተሰራች። አባዬ የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። ከዛ ወዲህ ከወረታ ባሕር ዳር ሩዝ ስታመላልስ፣ ሲጠፋም ሽንኩርት፣ ሲጠፋም ሲሚንቶ ስትጭን ኖራለች። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ ግን አባዬ ጎኔ ሳይቀመጥ የሄድኩበት ቀን ትንሽ ነው።

ለምን ኦቨርድራይቭ ያላችሁኝ ስላላችሁ ላስረዳ። መኪናዋ 4 ማርሽ ነው ያላት። አራተኛው ቀጥታ ነው፣ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚወጣውም አንዴ ይዞራል፣ ከዛ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) በሃይ፣ ማለትም በፈጣኑ፣ 1.148 ይቀንሰዋል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 4.7። በ7.50-16 ጎማ ሳሰላው በሰዓት 80 ኪሎሜትር ስሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,900 ምናምን ጊዜ ይዞራል። ለዘመኑ መኪና ይሄ ምንም አይደለም፣ ለዚች ግን ልፋት ነው፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ከአባዬ ጋር ለመነጋገር መጮህ አለብን፣ እሱ ደግሞ ግራ ጆሮው ደከም ብሏል። አባዬ ራሱ ከድሮ ጀምሮ አንድ የሚላት ነገር አለች፣ «በሦስትና በአራት መሀል አንድ ማርሽ ይጎድላታል»። እኔ ግን ያኔ የሚታየኝ ሜዳው ነበር፣ 5ኛ ማርሽ ነው የፈለኩት።

ሌላ መንገድ አላጣሁም። ብዙ ሰው የቶዮታ ሞተር ከነ5 ማርሹ ግጠምበትና ተገላገል ይላል፣ የሞተር ማቆሚያውን መቁረጥ፣ ዘንግ ማሳጠር፣ ትራንስፈሩን በልዩ ማገናኛ ማያያዝ ይመጣል፣ በዛ ላይ እንደዛ ከሆነች በኋላ ላንድሮቨር ናት ለማለት ይከብደኛል። ሁለተኛው የዲፈረንሻሉን ሬሾ ከ4.7 ወደ 3.54 መቀየር ነው። እሱ ለሜዳ አሪፍ ነው ግን ቋሚ ነው፣ ስትጭን «ይቅርብኝ» ማለት አትችልም፣ የፊትና የኋላው እኩል ካልተቀየረ ደግሞ ባለ 4 ጎማውን ስታስገባ ሁለቱ ይጣላሉ፣ የረጅሟ የኋላ ደግሞ ሳልስበሪ የሚባለው ትልቁ ስለሆነ የአጭሯ ዲፈረንሻል ዝም ብሎ አይገባበትም። ፍጥነት ቆጣሪውም ይዋሻል። ጎማ ማሳደግ ደግሞ ለፍሬኑም ለመሪውም ጫና ነው። ስለዚ ኦቨርድራይቭ።

ጥቅምት 9

ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ፌሪ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ለላንድሮቨር ብሎ በፈረንጅ 1970ዎቹ ያወጣው ነው፣ አካሉ አሉሚኒየም። አሰራሩን ሳየው ገረመኝ። ላንድሮቨር ከፋብሪካ ስትወጣ ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ፒቲኦ (የሞተሩን ጉልበት ለሌላ ማሽን ማውጫ) የሚገባበት ክዳን አለ፣ ይሄ የሚገባው እዛ ቦታ ላይ ነው። የካምቢዮው ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ጥርስ ትወጣና በሷ ፋንታ የኦቨርድራይቩ ትገባለች። ማንሻው በአንዱ በኩል ሲሆን ዘንጉና ጥርሷ ተቆልፈው እንደ ድሮው አብረው ይዞራሉ፣ በሌላው በኩል ሲሆን ጉልበቱ ጎን ባለች ትንሽ ዘንግ ዞሮ ይመጣና ጥርሷን ከዋናው ዘንግ አስበልጦ ያዞራታል። ሬሾው 0.782 ነው፣ በሌላ አነጋገር ሞተሩ በዛው ፍጥነት 22 በመቶ ገደማ ባነሰ ይዞራል።

በጣም የወደድኩለት ነገር ቦታው ነው። ጉልበቱ ለፊትና ለኋላ ከመከፈሉ በፊት ስለሚገባ ሁለቱም አክሰል እኩል ያገኛል፣ በባለ 4 ጎማም ችግር የለውም። ፍጥነት ቆጣሪው ደግሞ ገመዱ የሚነሳው ከሱ በኋላ ካለው የትራንስፈሩ መውጫ ስለሆነ እንደነበረ ይቀጥላል። በሁሉም ማርሽ ላይ ይሰራል፣ ወደፊት የነበሩት 4 ማርሾች 8 ይሆናሉ።

አሁን መጥፎው። ከዋናው ዘንግ ጋር የምትያያዘዋ እጅጌ (ውስጧ ስፕላይን፣ ማለትም ዘንጉን የሚይዙ ቀጫጭን ጥርሶች፣ ያለው) ተበልታለች። ጥርሶቹ አንድ ጎናቸው ሹል ሆኗል፣ በጣቴ ስዳስሰው ምላጭ ነው የሚመስለው። ኩሽኔታዎቹም ሁለቱ በእጅ ሲዞሩ አሸዋ እንደገባባቸው ይንጫጫሉ። ዘይት ሳይኖረው የሮጠ ነው። ይሄ ነገር የሚይዘው ዘይት ትንሽ ነው፣ የራሱ ነው፣ ከትራንስፈሩ አይጋራም፣ ያንን የረሳ ሰው እንደዚ ያደርገዋል።

ጥቅምት 15

እጅጌዋን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ልጁ ፖሊ የተማረ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ከዚህ በፊት የውሃ ፖምፓ ዘንግ ሰርቶልኛል። አገላብጦ አየና «መቅረጹን እቀርጸዋለሁ ወንድሜ፣ ማጠንከሩ ላይ ነው» አለኝ። ብረቱ ለስላሳ ከሆነ በሁለት ወር ይበላል፣ ከልክ በላይ ከጠነከረ ይሰነጠቃል ወይ የመኪናዋን ዋና ዘንግ ይበላል፣ ዋናው ዘንግ ከተበላ ደግሞ ካምቢዮው ሙሉ ለሙሉ መውረዱ ነው። እምቢ ማለቱን አከበርኩት። ብሩን መቀበል ይችል ነበር።

አዲስ አበባ ያለ የአክስቴን ልጅ ሶማሌ ተራ አስጠየኩት፣ የለም፣ የካምቢዮው ክፍል አለ የኦቨርድራይቩ የለም። ከእንግሊዝ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ብቻ ነው የቀረው። አዘዝኩ፣ እየጠበኩ ነው።

ጥቅምት 28

እጅጌዋ አልመጣችም ግን ቁጭ አላልኩም። ኩሽኔታዎቹን እዚሁ ባሕር ዳር አገኘኋቸው! ለጀማሪ የምመክረው ነገር ይሄ ነው፣ የላንድሮቨር ኩሽኔታ አለ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ የለም ነው የምትባሉት። ኩሽኔታው ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል፣ በናፍጣ አጥባችሁ ቁጥሩን አንብቡና ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ የወፍጮ እቃ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ሊኖር ይችላል። የኔ አንዱ የተገኘው እንደዛ ነው። ኦይል ሲሉንም (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ቀለበት) በልኩ፣ የውስጥ ስፋት የውጭ ስፋት ውፍረት ለክቼ።

ኅዳር 4

መጣች!! በካልሲ ተጠቅልላ። ከአሮጌዋ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣት የስፕላይኑ ልዩነት በዓይን ይታያል። የመኪናዋ ዋና ዘንግ ስፕላይንም ተበልቶ ቢሆንስ የሚለው ሀሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እሱ የሚታወቀው ሲፈታ ነው።

ኅዳር 6

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ። የመሀለኛውን ወንበር ክዳን አነሳን (ካምቢዮው ላይ ከላይ መድረስ የሚቻለው በሱ ነው፣ ይሄን ያሰበው መሐንዲስ ይባረክ)፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፣ የኋላውን በክሪክ አንስተን መቆሚያ ላይ አደረግናት። የእጅ ፍሬኗ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈሩ የሚወጣውን ዘንግ ስለሆነ ዘንጉ ከተፈታ ወይም የኋላው ከተነሳ የእጅ ፍሬን አለኝ ብሎ ስር መግባት ሞት ነው። ድንጋይና መቆሚያ። ክሪክ ብቻ ላይ አትግቡ።

ዘይቱን አወረድን፣ ካምቢዮው 1.5 ሊትር ትራንስፈሩ 2.5 ሊትር ነው መያዝ ያለባቸው፣ ከትራንስፈሩ የወጣው ሁለት ሊትር አይሞላም። የጎደለው የት እንደሄደ ወዲያው አገኘነው፣ የእጅ ፍሬኑ ከበሮ ውስጡ በዘይት ርሷል፣ የመውጫው ኦይል ሲል አልቋል። ሁለት ዓመት «ፍሬኑ አይዝም» እያልን ገመድ ስናጠብቅ የነበረው ለካ በዚ ነው። እሱንም ቀየርነው፣ ከበሮውን በቤንዚን አጠብነው።

ቁልፍን በተመለከተ፣ የሚሊሜትር ቁልፍ አብዛኛው ቦታ አይገጥምም፣ ሁሉም በኢንች ነው፣ ግማሽ ኢንች፣ 9/16፣ እንደዛ። በ13 ቁልፍ ግማሽ ኢንቹን የፈታ ሰው አለ፣ ይፈታል ግን ጠርዙን እየበላ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የአባዬ የድሮ ቁልፎች አሉ፣ እነሱን ነው የተጠቀምኩት።

የጀርባውን ክዳን ስናወጣ የዋናው ዘንግ ዳዶ መጣች። መቆለፊያዋን አቅንቼ በቱቦ አስረዝሜ ሞከርኩ፣ ንቅንቅ አልል አለች። አራተኛ ማርሽ አስገብተን፣ አባዬ ፍሬን ረግጦ ይዞልኝ፣ ሦስተኛው ላይ ጠ! አለች። ደንግጬ ዘንጉ የተሰበረ መስሎኝ ነበር።

እና ስፕላይኑ ደህና ነው። ባትሪ አብርቼ በጨርቅ እየወለወልኩ አንድ በአንድ አየሁት፣ ትንሽ የማብረቅ ምልክት አለ እንጂ አልተበላም። አባዬን ጠርቼ አሳየሁት፣ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰውና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ገባ።

ኅዳር 7

ዛሬ ትልቅ ስህተት ልሰራ ነበር።

አዲሷን እጅጌ አስገባሁ፣ ዳዶዋን አጠበኩ፣ ቆለፍኩ። ከዛ ኦቨርድራይቩን ከስር ተኝቼ ደረቴ ላይ አድርጌ አስጠጋሁት፣ ገባ ገባ ገባና የትንሽ ጣት ውፍረት ሲቀረው ቆመ። አዞርኩት፣ አወዛወዝኩት፣ አይሄድም። ቡሎኖቹ ጫፋቸው ብቅ ስላለ ዳዶ አስይዤ በዳር በዳር እያጠበኩ ልስበው ብዬ ሁለቱን አስገብቼ ማጥበቅ ጀመርኩ። አባዬ ከላይ በወንበሩ ቀዳዳ ያየኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ በዳዶ አትጎትተው፣ አሉሚኒየም ነው» አለኝ። ተውኩት። ልክ ነበር፣ አሉሚኒየም ሳይገጥም በቡሎን ከተሳበ ጆሮው ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ ሌላ የት ይገኛል።

አወጣሁት፣ ሁለታችንም ቁጭ ብለን አሰብን። ነገሩ ቀላል ነው፣ የውስጡ ጥርስ ከትራንስፈሩ መሀለኛ ጥርስ ጋር፣ ስፕላይኑ ደግሞ ከእጅጌዋ ጋር እኩል መገጣጠም አለባቸው፣ አንዱ ሲገጥም ሌላው በፀጉር ያህል ይስታል። ስለዚ ትራንስፈሩን ሃይ ላይ አድርገን፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀን፣ እኔ ከስር እየገፋሁ አባዬ የተነሳውን የኋላ ጎማ በእጁ በቀስታ ያዞረዋል። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ያለ ምንም ኃይል ሸርተት ብሎ ገባ፣ አንዴ ከተገናኘ በኋላ በሁለት ጣት ነው የገፋሁት። እንደዛ ሲገባ የሚሰማ ድምፅ አለ፣ ለስለስ ያለ፣ ዘይት የነካው ብረት በብረት ላይ ሲተኛ። ያንን ድምፅ ካልሰማችሁ ዳዶ አትንኩ።

ጋስኬቱን በወረቀት ቆርጬ ነው፣ ሲሊኮን በጣም ስስ አድርጌ ብቻ። ሲሊኮን ሲበዛ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባና የዘይት መንገድ ይዘጋል።

ኅዳር 9

ማንሻው። ወለሉን መቅደድ ነበረብኝና እጄ እስኪንቀጠቀጥ ነው የከበደኝ፣ ያንን ወለል ማንም ቀዶት አያውቅም። በካርቶን ልክ ሰርቼ፣ ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ በትንሽ ቀዳዳ ጀምሬ በሞረድ አሰፋሁት። አቧራ እንዳይገባ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ሸፈንኩት።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር፦ በሁለቱ መሀል ላይ ባዶ ቦታ አለ። ማንሻው መሀል ላይ ከቀረ ምንም ጉልበት ወደ ጎማ አይሄድም፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ሞተሩ አይዛችሁም። ማርሽ አስገብታችሁ ስታቆሙም እንደዛው፣ ማርሹ ገብቶ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳያመነቱ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን።

ዘይት 90 ሞላሁ፣ ለሦስቱም። ለካምቢዮው ጂኤል 4 የተጻፈበትን ነው የፈለኩት፣ ውስጡ ናስ ስላለ።

ኅዳር 10

የመጀመሪያ ጉዞ። ከቤት ወጥተን በዘንባባዎቹ መሀል ቀስ ብለን፣ ድልድዩን ተሻግረን አባይ ማዶ፣ ከዛ ዘንዘልማ። አራተኛ ገብቼ 70 ላይ ስደርስ ፍሪሲዮን ረግጬ ሳብ አደረኩት። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ መኪናው ግን አልቀነሰም። አባዬ የዳሽቦርዱን ጠርዝ ይዞ ዝም አለ፣ ከዛ በተራ ድምፁ፣ ሳይጮህ፣ «ዘይቱን ስንት ኪሎሜትር ላይ ታየዋለህ?» አለኝ። ሰማሁት። ያንን ለማለት ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

20 ኪሎሜትር ላይ ቆሜ ዳሰስኩት፣ ይሞቃል ግን እጅ ያሳርፋል። የማፏጨት ድምፅ ትንሽ አለ፣ ጋዝ ስለቅ ይጠፋል።

ኅዳር 14

መኪናዋ የሞተር ዙር መቁጠሪያ የላትም፣ ስለዚ በስልክ ለካሁት። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል፣ ስልኬ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚያሳይ አፕ አለ፣ በጂፒኤስ 80 ላይ ይዤ ቀዳሁት። ያለ ኦቨርድራይቭ ትልቁ ሞገድ 97 ሄርዝ ላይ፣ በኦቨርድራይቭ 76 ላይ። በ30 ስታባዙት 2,910 እና 2,280 ዙር ነው። በወረቀት ካሰላሁት ጋር ሲገናኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ኅዳር 16

ዘይቱ ጎድሏል። ደነገጥኩ። ማውረጃዋ ቡሎን ላይ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ አሮጌዋን መልሼ አስገብቻት ነው፣ በጠብታ በጠብታ ነው የወጣው። አዲስ ተደረገ።

ኅዳር 25

ወረታ፣ የሩዝ አጨዳው ደርሶ መንገዱ ሁሉ ጋሪና ባጃጅ ነው። 8 ኩንታል ጫንን። ስንሄድ ባዶ ስለነበርን በአራተኛ ከነኦቨርድራይቩ ሜዳውን በ75 ተንሳፈን ነው ያለፍነው፣ ስንመለስ ግን ያው ጭነት አለ፣ ነፋስም ከፊት ነው፣ አራተኛ ከነኦቨርድራይቩ አልያዘም፣ ቀስ በቀስ እየወረደ 60 ላይ መጣ። በ60 ሞተሩ 1,700 አካባቢ ነው የሚዞረው፣ የዚህ ሞተር የመጎተት ጉልበት (ቶርክ) ደግሞ ከፍ የሚለው 1,800 ላይ ነው፣ ከዛ በታች ማስጨነቅ ሞተሩን መግደል ነው። ከፋብሪካ 62 ፈረስ ጉልበት አላት፣ ተርቦ የላትም፣ በኛ 1,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሀምሳ ገደማ ብትሰጠን ነው። አወጣሁት። ትንሽ ከፋኝ፣ ለጭነት ካልሆነ ምን ሊጠቅመኝ ነው ብዬ።

ጉማራ ድልድይን አልፈን ወደ ሐሙሲት መውጣት ስንጀምር የድሮው ነገር መጣ። አራተኛ በ50 ሲሆን ሞተሩ 1,800 ላይ ይንገዳገዳል፣ ሦስተኛ ስገባ 2,750 ይጮሃል። እዚህ ቦታ ላይ አባዬ ሁልጊዜ ሦስተኛ ገብቶ በ40 ነው የሚወጣው። «ሦስተኛውን ያዝና ያንን ሳበው» አለኝ።

ሳብኩት። ሦስተኛው 1.50 ነው፣ ከኦቨርድራይቩ ጋር 1.17 ይሆናል፣ በሦስትና በአራት መሀል። 2,150 ዙር በ50። ሞተሩ አልጮኸም፣ አልተጨነቀም፣ ጭሱም አልጠቆረም፣ ዳገቱን ሙሉ በዛው ፍጥነት ወጣነው፣ ከኋላችን የነበረው አይሱዙ እንኳ አላለፈንም። እኔ አምስተኛ ፍለጋ ነበር የሄድኩት። አባዬ ያለው ማርሽ ነው የተገኘው። ሁለተኛውም እንደዛው ነው፣ 2.22 የነበረው 1.74 ይሆናል፣ ለጥርጊያ መንገድ።

ሐሙሲት ላይ ቦታ ተቀያየርን። ብዙ ጊዜ ሆኖታል ከነጭነት ከያዛት። እስከ አባይ ማዶ እሱ ነዳ፣ ሦስት፣ ሦስት ከነኦቨር፣ አራት፣ እያለ እየቆጠረ።

ታኅሣሥ 10

አሁን የምሄድበት ልማድ፦ አራተኛ ከነኦቨርድራይቩ ከ65 በታች የለም፣ ጭነት ካለ የለም። ሎው ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ ስጎትት ኦቨርድራይቩን አልነካም፣ ጥርሶቹ ለዛ አልተሰሩም። ዘይቱን በየ500 ኪሎሜትሩ አያለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከካምቢዮው ጋር አንድ ላይ። ናፍጣ ባሕር ዳር ወረታ ደርሶ መልስ፣ ስንሄድ ባዶ ስንመለስ 8 ኩንታል፣ ድሮ 15 ሊትር ነበር፣ ያለፉትን ሦስት ጉዞ ሞልቼ እየለካሁ 13 ተኩል ሆኗል።

ትናንት ከሐሙሲት ስንወርድ አባዬ እጁን አንስቶ ዝም በል አለኝ። ጋዝ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። ከኋላ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የኋላ ዘንግ ክሮቸራ (ዘንጉን የሚያያይዘው መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ነው፣ ሞተሩ ሲጮህ የት ይሰማ ነበር። ዛሬ ገብቼ በእጄ ሳወዛውዘው ይጫወታል። ነገ ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ገበያ ሄጄ ካገኘሁ ከሰዓት እገጥመዋለሁ፣ ግራሶም አልቋል።